ዳሌዎን ይፍቱት፦ በ64 ዓመት ጎልፍ ስለ መምታት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 64 ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው የምኖረው። ታክሲ ስነዳ 22 ዓመት ሆነኝ። ጎልፍ የጀመርኩት በ46 ዓመቴ፣ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ጓደኛዬ ለክፎኝ ነው። ድሮ በድራይቨር (ለሩቅ ምት በሚሆነው ረጅሙ ዱላ) 230 ያርድ እመታ ነበር፣ አሁን 195 ከደረሰች ተመስገን ነው። 600 ዶላር አውጥቼ አዲስ ድራይቨር ገዛሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ዩቲዩብ ላይ ባየሁት መሠረት ዳሌዬን አስሬ ትከሻዬን ብቻ ለማዞር እየሞከርኩ ነው። ከ12ኛው ጉድጓድ በኋላ ግን ወገቤን በቀኝ በኩል ይይዘኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ከሴቶቹ ቲ (ቀረብ ካለው መነሻ) ምታ› እያሉ ይስቁብኛል። ስዊንጌን (አመታቴን) ልቀይር ወይስ ይበቃኛል?»

ምላሽ፦

አይበቃዎትም። ዳሌዎን ማሰሩን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ቢረሱት እንኳ ይህቺን አንዷን ይያዙልኝ።

ከርቀቱ ልጀምር፣ 600 ዶላሩን ያስወጣዎት እሱ ነውና። ኳሷ የምትርቀው ዱላው በሚነካት ቅጽበት ባለው ፍጥነት ልክ ነው። በድራይቨር ልክ መሃሉ ላይ ከመቷት፣ የዱላውን ፍጥነት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይዛ ትወጣለች። ከዚያ በላይ እንዳትወጣ ደንቡ ገደብ አስቀምጧል፣ ፋብሪካዎቹም ገደቡ ጥግ ከደረሱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ የዘንድሮው ድራይቨር ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አይበልጥም። ቀለሙ ያምራል፣ ሲመታ ድምፁ ደስ ይላል፣ አለቀ። ወሳኙ እርስዎ የሚሰጡት ፍጥነት ነው። በሰዓት አንድ ማይል ሲጨምሩ ወደ ሁለት ተኩል ያርድ ገደማ ያገኛሉ፣ አንድ ማይል ሲያጡም ያንኑ ያህል ያጣሉ። 35 ያርድ ጠፋብኝ ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ሁሉም ግን በፍጥነት የጠፋ አይመስለኝም። ወገቡን እየፈራ የሚመታ ሰው ኳሷን መሃል አያገኛትም፤ በዱላው ራስ ተረከዝ ወይም ጫፍ ይነካታል። እዚያም ላይ አሥር አሥራ አምስት ያርድ ቀልጦ ይቀራል።

ታዲያ ፍጥነቱ የት ሄደ? ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ሁሉም እኩል ቢቀንስ ጥሩ ነበር። ቀድመው የሚሸሹት ግን ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፣ ድንገት ለመዝለል፣ ለመወርወር፣ ለመለጋት የሚያገለግሉት። ለረጅም ጉዞ የሚሆኑት ዝግተኞቹ ይቆያሉ። እንጦጦን እንደ ድሮው በእግሩ የሚወጣ የ64 ዓመት ሰው፣ ሊያመልጠው የደረሰ አውቶቡስ ላይ መሮጥ የሚያቅተው ለዚህ ነው። 18ቱን ጉድጓድ በእግር ጨርሰው «ደህና ነኝ እኮ!» ማለትዎ እውነት ነው፤ ስለ ፍጥነትዎ ግን ምንም አይነግርዎትም።

ሌላው መዞር ነው። እዚህ ላይ ከዕድሜዎ እኩል ተጠያቂው ታክሲው ነው። በቀን አሥር ሰዓት የተቀመጠ ሰው ከጭኑ ፊት ወደ ዳሌው የሚሄደው ጡንቻ ያጥርበታል፣ የመቀመጫው ጡንቻ ይተኛበታል፣ የላይኛው ጀርባው እንደ ወንበሩ ጎብጦ ይደርቃል። 22 ዓመት እንዲህ ተቀምጠው፣ ከመኪና ወርደው ወዲያው እንደ 25 ዓመት ልጅ ልዙር ሲሉ ሰውነት «ከየት አምጥቼ?» ይላል።

አሁን ወደ ዳሌው ጉዳይ። የታችኛው ወገብ አምስት አጥንቶች አሉት። እነዚህ አጥንቶች እንደ በር ማጠፊያ ናቸው፤ ወደ ፊት ለማጎንበስና ለመቃናት ተሠርተዋል፣ ለመዞር ግን አልተሠሩም። እያንዳንዱ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢዞር ነው። የሚዞረው ከእነሱ በላይ ያለው የጀርባ አጥንትና ከእነሱ በታች ያለው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ላይኛው ከደረቀ፣ ታችኛውን ደግሞ እርስዎ አስረው ከያዙት፣ መዞሩ ከመካከል ይወጣል። ከዚያ በመልሱ ዱላው ኳሷ ላይ ሲደርስ ወገቡ ይዞራል፣ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ወደ ኋላም ይለጠጣል፣ ሁሉም በአንዴ። በቀኝ እጁ ለሚመታ ሰው የሚጨፈለቀው ቀኙ ጎን ነው። የእርስዎ ሕመም የተቀመጠበት ቦታ ማለት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ እዚህ ግን የሚገርፈው ስዊንጉ ነው፣ የሚጮኸው ወገቡ።

ያዩት ምክር ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ዳሌን ይዞ ትከሻን አብዝቶ ማዞር ገመድ እንደ ማክረር ኃይል ያከማቻል፣ ከ1990ዎቹ ወዲህም በወጣት ተጫዋቾች ዘንድ በጣም ተለምዷል። ገመዱ ግን አዲስ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የነበሩት ጌቶች እንዲህ አይመቱም ነበር። ቦቢ ጆንስን፣ ሳም ስኒድን፣ ጃክ ኒክላውስን በድሮ ፊልም ይመልከቷቸው። ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ የግራ ተረከዛቸው ከመሬት ይነሳል፣ ዳሌያቸው ከደረታቸው ጋር አብሮ ይዞራል። ስኒድ በ1965 የፒጂኤ ቱር (የባለሙያዎች) ውድድር ሲያሸንፍ 52 ዓመቱ ነበር። በ1979 ደግሞ በ67 ዓመቱ አንዱን ዙር በ67፣ ሌላውን በ66 ምት ጨርሶታል። ከልጅ ልጆቹ እኩዮች ጋር እየተወዳደረ! ወገቡን አስሮ ቢሆን ኖሮ እዚያ ዕድሜ ላይ ዱላ የሚያነሳም አይመስለኝም።

ልጅ ሆነው ገና ተጫውተው ከሆነ ደግሞ ነገሩን ያውቁታል። ሩሯን ሲለጉ ዳሌህን ያዝ ያለዎት ሰው ነበር? እግር ይነሳል፣ ሰውነት ሁሉ ይዞራል፣ በትሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያንን ነው የምፈልገው። (ጎልፍ ላይ የተጋጣሚ ቅልጥም የለም እንጂ ምቱ ቅርብ ዘመድ ነው።)

እንዴት ይደረጋል? ከእግር ይጀምሩ። ቆመው ሰዓት ላይ እንዳሉ ያስቡ፣ ፊትዎ ወደ 12። የግራ እግርዎን ጣት ወደ 11፣ የቀኙን ወደ 1 ይክፈቱት። ዳሌ ሳይታገል የሚዞርበት ክፍተት የሚገኘው ከዚህ ነው፤ የግራው መከፈት በመልሱ ጉልበትንም ያድናል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት ከለመዱት በአንድ ጫማ ስፋት ያህል ያጥቡት። ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስዱ የግራ ጉልበትዎ ወደ ኳሷ ይታጠፍ፣ ተረከዙም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይነሳ፣ የቀኝ እግርዎ በመጠኑ ይቃና፣ የቀበቶዎ ዘለበትና ደረትዎ አብረው ይዙሩ። ሲመልሱ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ተረከዝ መሬት ላይ መልሶ መትከል ነው። ክንድዎ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ኳሷን ልትስቷት ትችላላችሁ፣ እርስዎም ተረከዝዎም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሬንጅ (መለማመጃ ሜዳ) ላይ በ8 አይረን (አጠር ባለው የብረት ዱላ)፣ በግማሽ ጉልበት ብቻ ይሥሩት። ድራይቨሩ መኪናው ውስጥ ይቆይ።

«ራስህን አታንሳ» የሚሉትንም አይስሙ። ኳሷ ሄዳ እንኳ መሬት መሬቱን ሲያይ የሚቆይ ሰው ራሱ ላይ ፍሬን ይዟል። ደረት እየዞረ አንገት ሲቀር ኃይሉን የሚቀበለው እንደገና ወገብ ነው። ኳሷ እንደሄደች ራስዎም ደረትዎን ተከትሎ ይዙር። ሲጨርሱ እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለጥጠው አይቁሙ፣ ግራ እግርዎ ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ፎቶ ላይ የሚያምረው ቀስቱ ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ ኃይል አንድ ነገር። በቡሄ ጅራፍ ያጮኹ ሰዎች ይህን ከማንም አሠልጣኝ በላይ ያውቁታል። ጅራፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጉልበት የሚጎትት ልጅ አይጮኽለትም። የሚጮኸው ቀስ ብሎ አዙሮ ጫፉን በመጨረሻ ለሚለቅ ነው። ሰው ርቀት ሲያጣ ዱላውን አንቆ ይይዛል፣ ከላይ ጀምሮ በትከሻው ይጎትታል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ገና ኳሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ይህን የሚያርም አንድ ልምምድ አለ። ድራይቨሩን ገልብጠው ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች፣ ወፍራሙን ጭንቅላት በእጅዎ አድርገው ያወዛውዙት። «ውይይ» የሚለው ድምፅ ከቀኝዎ በኩል ከተሰማ ቶሎ ጎትተዋል። ኳሷ ካለችበት ቦታ አልፎ በግራ በኩል መሰማት አለበት። አሥር ጊዜ በቀኝ፣ አሥር ጊዜ በግራ እጅዎ። በግራ ስል ሰዎች ይስቃሉ፣ ግን 18 ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ጎን ብቻ የዞረ ወገብ ሚዛን ይፈልጋል።

አሁን ጓደኞችዎን ወደሚያስቀው ቲ። «የሴቶች ቲ» የሚባል ነገር የለም። ቲዎቹ የርቀት ምርጫ ናቸው፣ ሀንዲካፑም (የችሎታ መለኪያው) ከየትኛውም ቢመቱ ራሱን ያስተካክላል። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርና የፒጂኤ ባለሙያዎች ማኅበር ከ2011 ጀምሮ ወደ ፊት ወጥታችሁ ምቱ እያሉ ሲቀሰቅሱ የኖሩት ለሁሉም ነው። ያኔ ባወጡት መመሪያ በድራይቨር 200 ያርድ የሚመታ ሰው ከ5,200 እስከ 5,400 ያርድ የሚረዝም ሜዳ ላይ ቢጫወት ይመከራል። 250 ለሚመታ 6,200 እስከ 6,400 ነው። ሌላው ስሌት ደግሞ በ5 አይረን የሚመቱትን በ36 ማባዛት ነው፤ 145 ከሆነ 5,220 ይመጣል። እርስዎ ግን 195 እየመቱ 6,300 ላይ ከጓደኞችዎ ጋር ይታገላሉ ብዬ እገምታለሁ። እዚያ ላይ 400 ያርድ ያለው ጉድጓድ በሁለት ጥሩ ምት እንኳ አይደረስም። ሰው አልደርስ ሲል ምን ያደርጋል? ጉልበት ይጨምራል። የወገብዎ ሕመም ግማሹ ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል። ቲውን ይቀይሩና ለሚስቁት ጓደኞችዎ ምሳ ያስይዟቸው።

«ሽማግሌ ሲሆን አጭሩን ጨዋታ ብቻ ይሥራ» የሚሉም አሉ። በከፊል ነው የምስማማው። ፓተርና ዌጅ (ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ ለመግፋትና ለአጭር ምት የሚሆኑት ዱላዎች) ፍጥነት ስለማይጠይቁ በ80 ዓመትም ሊሻሻሉ ይችላሉ፣ ይሥሯቸው። ነገር ግን በብዙ ምቶች ላይ የተሠራው ትንተና የሚያሳየው በጎበዝና በሰነፍ ተጫዋች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከ100 ያርድ ውጭ ካሉት ምቶች መሆኑን ነው። ርቀቱን ሙሉ በሙሉ እርም ብለው መተው የለብዎትም።

ስለዚህ ሰውነቱን ማሠራት የግድ ነው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰለቸው። ስዊንግ ቀይር ሲባል ሬንጅ ሄዶ 200 ኳስ ይመታል፤ ክብደት አንሳ ሲባል ይጠፋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት፣ ሲለመድ ክብደት ይዞ። ከመሬት ዕቃ በዳሌ አጎንብሶ ማንሳት። ሁለት ከባድ ቦርሳ ይዞ መራመድ። ግድግዳ ላይ፣ ቆይቶ መሬት ላይ ፑሽ አፕ። ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ የደም ግፊት ካለብዎ በተለይ። ታክሲው ጋ ሆነው ደግሞ ወረፋ ሲጠብቁ ይውረዱ። አንዱን እግር ወደ ኋላ አርቀው መቀመጫዎን ጨምቀው ዳሌዎን ወደ ፊት ይግፉ፣ ግማሽ ደቂቃ በየጎኑ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ቀስ ብለው ወደ ግራና ቀኝ ይዙሩ። ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር ይቁሙ።

ምግብም አለበት። ዕድሜው የገፋ ሰው ጡንቻውን ለማቆየት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይባላል። 75 ኪሎ ከሆኑ ከ75 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ይህ በእንጀራና በጎመን አይሞላም። ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ፣ ለውዝም ይጨመርበት። ኩላሊት ላይ ችግር ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ፍልሰታን በተመለከተ በቀጥታ ልናገር። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ማለት እዚህ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው፣ የዋሽንግተን አካባቢ ወበቅ የሚያፍንበት ጊዜ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ የግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛውን እየወሰዱ፣ እኩለ ቀን ላይ 18 ጉድጓድ በእግር መሄድ አይሆንም። ሰው ይወድቃል። ወይ ፓተር ብቻ ይለማመዱ፣ ወይ ከበሉና ውኃ ከጠጡ በኋላ ማምሻውን ዘጠኝ ጉድጓድ ይምቱ። የስኳር በሽታ መድኃኒት ለሚወስድማ ይህ ሁለት እጥፍ ይጠብቃል።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። ሕመሙ ከወገብ ወርዶ ጉልበት ካለፈ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሌሊት ተኝተው እንኳ የማይተው ከሆነ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከሳሁ ካሉ፣ ይህ የስዊንግ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይዩ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭን መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደረት ላይ ጫና የሚሰማው ሰው ቀጣዩን ጉድጓድ አይጨርስም፣ 911 ይደውላል።

ተስፋውን ግን ላለማጋነን። 230 ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፣ የሚገባልዎት ካለ ዕቃ ሊሸጥልዎት ነው። የእኔ ግምት ወገብዎ ሳይፈራ ከዞረ፣ ኳሷን መሃሏን ካገኙና ሦስት አራት ማይል ፍጥነት ካገኙ 210 አካባቢ ይደርሳሉ። ከፊተኛው ቲ 210 ማለት ደግሞ ብዙ ነው። ቶም ዋትሰን የግራ ዳሌው በሰው ሠራሽ ከተተካ ዓመት ሳይሞላው በ2009 ስኮትላንድ ውስጥ ተርንቤሪ ላይ ኦፕን የተባለውን ትልቁን ውድድር በ59 ዓመቱ ሊያሸንፍ አንድ ምት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ 18ኛው ላይ አመለጠውና በመለያ ተሸነፈ። በርንሃርድ ላንገር በ2023 የአሜሪካ ሲኒየር ኦፕንን (የአንጋፋዎቹን ውድድር) ሲወስድ 65 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጅማቱ ተበጠሰ፣ ያውም ፒክልቦል (ቴኒስ መሰል ጨዋታ) ሲጫወት፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ተመልሶ በ67 ዓመቱ አሸነፈ። እነዚህ ሥራቸው ነው፣ ታክሲም አይነዱም። ግን ሁለቱም ኳሷን በጉልበት የሚለጉ አይደሉም፤ ምታቸው ዘንድሮም ያው፣ ከርሞም ያው ነው።

ዕቃው ላይ ብዙ አልቆይም። አይረኖችዎ የብረት ሻፍት (ዘንግ) ካላቸው ቀስ በቀስ ወደ ግራፋይት ይቀይሯቸው፣ ቀላል ነው፣ ክርን ላይ የሚመጣውን ንዝረትም ይቀንሳል። 3፣ 4 እና 5 አይረንን ያስወጡና ሃይብሪድ (ለመምታት የሚቀል ዱላ) ያስገቡ። ጣትዎ ጠዋት ጠዋት የሚደርቅ ከሆነ ወፍራም ግሪፕ (መያዣ) ያስለብሱ፣ ጥቂት ዶላር ነው።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከፊተኛው ቲ ይምቱ። ለስድስት ሳምንት ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ይጫወቱ፣ ከካርት ይልቅ በእግር፣ ቦርሳውን ግን በጀርባ ሳይሆን በሚገፋ ጋሪ። ከመጀመሪያው ምት በፊት አሥር ደቂቃ ሰውነትዎን ያሙቁ፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ ድራይቨር ማንሳት ክልክል ነው። ተረከዙ ይነሳ፣ ዳሌው ይዙር፣ ክብደቱ በሳምንት ሁለቴ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወገቡ ከቀነሰ ወደ 18 ይመለሱ። ካልቀነሰ አሠልጣኝ ሳይሆን ፊዚዮቴራፒስት ይዩ፣ ቪዲዮም አንስተው ይውሰዱለት።

አዲሱን ድራይቨር አይሽጡት። አንገቱ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ሎፍቱን (ፊቱ ወደ ላይ የተጋደመበትን ዲግሪ) ይዩ፣ 9 ወይም 9.5 ላይ ከሆነ ለእርስዎ ፍጥነት በጣም ዝቅ ያለ ነው። ኳሷ ገና ሳትነሳ ትወድቅብዎታለች። ወደ 11 ወይም ወደሚሄድበት ያህል ከፍ ያድርጉት። የሚያዞረው ቁልፍ ከተገዛበት ሳጥን ጋር ነው የሚመጣው። ሳጥኑን ካልጣሉት።